የሕፃናት መዝገብና የአፋር ዳጉ

ፊደል የቆጠርነው ለምንድን ነው? ደብዳቤ ለማንበብ፣ ውል ለመፈረም፣ የገበያ ሒሳብ ለመያዝ ነው እንላለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን በቤታችን ውስጥ ያለ አንድ ጽሑፍ ሳናነብ እንኖራለን። እሱም የልጃችን የክትባት ካርድ ነው። ከሣጥን ሥር ይቀመጣል፤ አቧራ ይጠጣል። ታዲያ በዚህ ካርድ ላይ የሚጻፈው ነገር የት ይደርሳል? ማን ያየዋል? ለልጃችንስ፣ ለጎረቤታችን ልጅስ ምን ይጠቅማል? በዚህ ትምህርት ይህን እናያለን። ምሳሌያችንን የምንወስደው ከአፋር ክልል፣ ከጭፍራ ወረዳ ነው።

1. ዳጉ ምንድን ነው?

የአፋር ሕዝብ ዳጉ የሚባል መልካም ልማድ አለው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ይላሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይናገራል። ዝናብ የት ዘነበ? ግጦሽ የት አለ? የማን ከብት ታመመ? ማን ሞተ? መንገዱስ ሰላም ነው ወይ? ጠያቂው የሰማውን ዝም ብሎ አይውጥም። በዐይኑ ያየው ነው ወይስ ከሰው የሰማው ብሎ ያጣራል። ከዚያም ተራው የእሱ ይሆንና ያለውን ይናገራል። ሁለቱም ሲለያዩ ወሬውን ይዘው ለሌላው ያደርሳሉ።

በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ለምን ቢባል፣ በበረሃ የተሳሳተ ወሬ ይገድላል። ውሃ አለ ተብሎ ውሃ ወደሌለበት የተነዳ ከብት ያልቃል። ሰውም ያልቃል።

እንግዲህ ዳጉ ሦስት ነገር አለው። ይጣራል፣ ይተላለፋል፣ መልስም አለው። ዛሬ በመሥሪያ ቤት «መረጃ» ወይም «ዳታ» ሲባል የምንሰማው ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ፣ ዳጉ በአፍ ይሄዳል፣ መረጃ በጽሑፍና በቁጥር ይሄዳል። ዳጉ በእግር ይጓዛል፣ መረጃ ዛሬ በኮምፒዩተርና በኢንተርኔት ይጓዛል።

2. ጭፍራ ስንት ሕፃናት አሏት?

ጭፍራ በአፋር ክልል በዞን አንድ፣ አውሲ ረሱ በሚባለው ውስጥ ትገኛለች። በምዕራብ ከአማራ ክልል ጋር ትዋሰናለች። ከሚሌ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ በከተማዋ ያልፋል። ከከተማዋ ውጭ ያለው ሕዝብ አብዛኛው አርብቶ አደር ነው። ግመል፣ ፍየል፣ በግና ከብት ያረባል። ዝናብ ሲጠፋ ቤቱን ነቅሎ ግጦሽ ፍለጋ ይሄዳል።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የወረዳው ሕዝብ 91 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ቀጥሎ የሚደረገው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ታስቦ ነበር፤ ግን ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ። ስለዚህ ለወረዳው ክትባትና የሕፃናት ምግብ ሲታቀድ፣ የሕፃናቱ ቁጥር የሚገኘው በድሮው ቆጠራ ላይ እየተሰላ በግምት ነው።

ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ግን ስንት ነገር ተለወጠ! በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ጭፍራ ድረስ መጣ። ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ጥሎ ሸሸ። በክልሉ ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተጎዱ። ግማሹ ሰው ተመለሰ፤ ግማሹ ሌላ ቦታ ቀረ። አንዱ ቀበሌ ሰው ጎደለበት፤ ሌላው ሞላ። ግምት ይህን አያውቅም። የሚያውቀው እዚያው የሚኖር ሰው ነው።

ልጅ ሲወለድስ ይመዘገባል ወይ? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በተደረገ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 ብቻ ነበሩ። ጅምር ስለነበረ ነው ይባል ይሆናል። ቢሆንም 97ቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ እንዳልተወለዱ ያህል ነበሩ።

3. የክልል ቁጥር የቀበሌን ችግር አይነግርም

ያው ጥናት ሌላም ነገር አሳይቷል። በአፋር ክልል ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 125ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በአዲስ አበባ 39 ነበሩ። ክትባታቸውን በሙሉ የወሰዱት ሕፃናት በአፋር ከ100 ውስጥ 15፣ በአዲስ አበባ 89 ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ያሳዝናሉ። ነገር ግን ሐዘን ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። 15 ከ100 የሚለው ለመላው አፋር የተሰጠ ቁጥር ነው። የጭፍራን ለብቻው አይነግረንም። በጭፍራ ውስጥም የትኛው ቀበሌ ደህና እንደሆነ፣ የትኛው እንደተቸገረ አይነግረንም። የጤና መኪናዋ አንዲት ብትሆን ወደየት ትሂድ? ይህን ለማወቅ ቁጥሩ ከታች፣ ከመንደር መምጣት አለበት።

4. ቁጥሩ እንዴት ይጓዛል?

በገጠር የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በጤና ኬላ ትሠራለች፤ ወደ ቤታችንም ትመጣለች። ለየቤተሰቡ ማኅደር ይዛ፣ ማን እንደወለደች፣ ማን እንደተከተበ ትጽፋለች። በየወሩ ድምሩን ለጤና ጣቢያው ትሰጣለች። ከጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልሉ ከተማ ወደ ሰመራ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል።

ድሮ ይህ ሁሉ በወረቀት ነበር። ወረቀቱ በመኪና ይሄዳል፤ ይዘገያል፤ ይጠፋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ጤና ሚኒስቴር «ዲኤችአይኤስ 2» የሚባል የኮምፒዩተር መዝገብ በሥራ ላይ አውሏል። ይህ መዝገብ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ ሲሆን ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል። አንድ ጊዜ የገባውን ቁጥር የወረዳውም፣ የክልሉም፣ የሚኒስቴሩም ሠራተኛ በየቢሮው ሆኖ ያየዋል። ኔትዎርክ በሌለበት ጤና ኬላ ወረቀቱ አሁንም ይሠራል፤ ኔትዎርክ ያለበት ጤና ጣቢያ ወይም ወረዳ ሲደርስ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል።

ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ቢሮ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ በወረቀት ብቻ የነበረው አብሮ ይጠፋል። በኢንተርኔት የተላለፈው ድምር ግን ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይቆያል። ጦርነትና ጎርፍ ያየ አገር ይህን ይረዳዋል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ኮምፒዩተር ያልተነገረውን አያውቅም። እናት ካልተናገረች፣ ሠራተኛዋ ካልጻፈች፣ ኮምፒዩተሩ ባዶ ነው። ዳጉ ያልነገሩት መንገደኛ ምን ይዞ ይሄዳል?

5. ቁጥር ያናግራል

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ይህ ለትምህርት የተሰጠ ምሳሌ ነው።

በአንድ ቀበሌ በዓመት 120 ሕፃናት ይወለዳሉ ተብሎ ተገምቷል እንበል። በስድስት ሳምንት የሚሰጠውን ክትባት 96 ሕፃናት ወሰዱ። በዐሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠውን ግን 60 ብቻ ወሰዱ።

«60 ሕፃናት ተከተቡ» ብለን ብቻ ብንናገር ደህና ይመስላል። እንቀንስ እንጂ። 120 ሲቀነስ 96፣ 24 ይሆናል። እነዚህ 24 ሕፃናት ከነጭራሹ አልመጡም። 96 ሲቀነስ 60፣ 36 ይሆናል። እነዚህ 36 ደግሞ ጀምረው አቋረጡ።

ሁለቱ ችግሮች አንድ አይደሉም። ጨርሰው ያልመጡት ምናልባት መንደራቸው ሩቅ ነው፤ ወይም ስለ ክትባት የነገራቸው የለም። የእነሱ መፍትሔ ሠራተኛዋ ወደ እነሱ መሄዷ ነው። ያቋረጡት ግን መንገዱን ያውቁታል። አንድ ቀን መጥተዋል። ለምን ቀሩ? ክትባቱ አልቆ ተመልሰው ይሆን? ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ይሆን? ጤና ኬላው ተዘግቶ ይሆን? ወይስ ቤተሰቡ ከከብቱ ጋር ሄዶ ይሆን? እያንዳንዱ መልስ የተለየ ሥራ ይጠይቃል። ከላይ ያለው ሹም ይህን የሚያውቀው ሁለቱም ቁጥር ተለይቶ ሲደርሰው ነው።

አሁን ደግሞ እንጨምር። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቤት ለቤት ቆጠሩ እንበል። ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ተገኙ። በዓመቱ የተወለዱት ሕፃናት 120 ሳይሆኑ 150 ሆኑ። ያልመጡት 24 ሳይሆኑ 54 ሆኑ ማለት ነው። ድሮ ግማሹ ተከትቧል ሲባል የነበረው ከ100 ሕፃናት 40 ብቻ ሆነ። ሠላሳው ሕፃናት ያን ጊዜም ነበሩ፤ በቁጥር ግን አልነበሩም። መድኃኒትም አልታዘዘላቸውም።

6. ካርዱ ከልጁ ጋር ይሂድ

አርብቶ አደር አንድ ቦታ አይቀመጥም። ይህ ኑሮው ነው እንጂ ጥፋቱ አይደለም። ጭፍራ የጀመረ ሕፃን ሚሌ ሊጨርስ ይችላል። እንዲህ የሚሆነው ግን ካርዱ አብሮት ሲሄድ ነው። ካርዱን ያየ የሌላ ወረዳ ሠራተኛ ምን እንደቀረው ወዲያው ያውቃል። ካርድ ከሌለ ይገምታል፤ ወይም እንደገና ይጀምራል።

መደበኛው ክትባት የሚሰጥባቸውን ዋና ዋና ጊዜያት እናስታውስ። በተወለደ ጊዜ፣ በ6 ሳምንት፣ በ10 ሳምንት፣ በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። በ9 ወርና በ15 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ነው። ካርዳችንን እናውጣና እናንብብ። የትኛው ሳጥን ባዶ ነው?

ከክትባት ሌላ የክንድ መለኪያም አለ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የግራ ክንዱ የላይኛው ክፍል በባለቀለም ጥብጣብ ይለካል። 12.5 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ ነው፤ ደህና ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ድረስ ቢጫ ነው፤ ልጁ ጎድሎበታል። ከ11.5 በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ልጁ በጣም ተጎድቷልና ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ክንዱ ባይቀጥንም አደጋ ነው። በአንድ ወር ውስጥ በአንድ ቀበሌ ቢጫና ቀይ ሲበዛ ደግሞ ችግሩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። ድርቅ እየገባ ነው ማለት ይሆናል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ቶሎ ከተላለፈ እርዳታው ሕፃናት ሳያልቁ ይደርሳል። ከዘገየ ለቀብር ይደርሳል።

7. ፈንጣጣን ያጠፋው ጥያቄ ነው

ይህ ነገር ይሠራል ወይ? አዎን ይሠራል። በአገራችንም ታይቷል። ፈንጣጣ ስንቱን እንደጨረሰ፣ ስንቱን ዐይነ ስውር እንዳደረገ አዛውንቶች ያውቃሉ። ፈንጣጣን ለማጥፋት በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ሠራተኞቹ ክትባት ብቻ ይዘው አልዞሩም። የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ይዘው በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየውሃው ዳር «እንዲህ ያለ በሽታ የት አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። የተነገራቸውን ቦታ ሄደው አዩ፤ ጻፉ፤ በዙሪያው ያለውን ሰው ሁሉ ከተቡ።

በመጨረሻ በሽታው የቀረው ከቦታ ወደ ቦታ በሚዘዋወሩት አርብቶ አደሮች ዘንድ ነበር። እነሱም ያዩትን ተናገሩ። የኢትዮጵያ የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. በባሌ ተገኘ። በዓለም በተፈጥሮ የተያዘው የመጨረሻው ሰው ደግሞ በ1970 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሶማልያ ተገኘ። ዛሬ ፈንጣጣ የለም። አንድ መንደር የታመመ ልጁን ደብቆ ቢሆን ኖሮ በሽታው ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ይዛመት ነበር። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ነው።

8. የሚነገርና የማይነገር

አንዳንዶቻችን ልጅ ማስመዝገብ እንፈራለን። ግብር ይጨመርብን ይሆን? ስማችን ለማን ይደርሳል? ብለን እንጠረጥራለን። ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር እንለይ።

አንደኛው ድምር ነው። «በዚህ ቀበሌ 54 ሕፃናት አልተከተቡም፤ 9 ሕፃናት ቀይ ላይ ናቸው» ሲባል የማንም ስም የለበትም። ይህ ለሁሉም ቢነገር ይጠቅማል። ወደ ላይ በየወሩ የሚተላለፈውም ይህን የመሰለው ነው።

ሁለተኛው ስም ያለበት ነው። የእገሌ ልጅ ምን በሽታ አለበት? የትኛዋ ልጅ ተደፈረች? የትኛው ልጅ ወላጅ የለውም? ይህ ምሥጢር ነው። የሚያውቀው የሚረዳው ሠራተኛ ብቻ መሆን አለበት። የታመመ ልጅ ፎቶግራፍ ከነስሙ በስልክ ማዞር፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም መለጠፍ እርዳታ አይደለም። ልጁ ነገ ያድጋል፤ ፎቶግራፉ ግን አይጠፋም። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው የግል መረጃ እንዳይበተን ሕግ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ስለዚህ ስማችንን የሚጽፈውን ሰው «ለምን ትጽፋለህ? ለማን ትሰጣለህ? የት ታስቀምጠዋለህ?» ብለን ልንጠይቀው እንችላለን። መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ቁጥር ማብዛትም ጥፋት ነው። እርዳታ ይጨመርልን ብለን ያልተወለደ ልጅ ብናስቆጥር፣ ውሸቱ ሲታወቅ እውነተኛው ቁጥራችንም አይታመንም። ሠራተኛውም ዕቅዴ ሞላ ለማለት ያልከተበውን ከተብሁ ቢል፣ ኩፍኝ ሲገባ ውሸቱ በሕፃናት ሕይወት ይከፈላል። በዳጉ መዋሸት ነውር ከሆነ በወረቀት መዋሸት ለምን ነውር አይሆንም?

9. መልሱን እንጠይቅ

ዳጉ የአንድ ወገን ንግግር አይደለም። የነገርነው ይነግረናል። መረጃም እንዲሁ መሆን አለበት። ቁጥሩን ከሰጠን ውጤቱን የመስማት መብት አለን።

በብዙ የአገራችን ወረዳዎች ሕዝቡ በየሦስት ወሩ ተሰብስቦ ለጤና ጣቢያው ነጥብ የሚሰጥበት ካርድ ተዘርግቷል። ሠራተኞቹ ሰው ያከብራሉ ወይ? መድኃኒት አለ ወይ? ብዙ ያስጠብቃሉ ወይ? አምቡላንስ ሲጠሩት ይመጣል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ እንሂድ። ፊደል የቆጠረ ሰው ቁጥሩን ያንብብ፤ ላልቆጠረው ያሰማ። በአፋርኛም በአማርኛም ይነገር። እናቶች ወደ ፊት ይቀመጡ፤ የልጁን ነገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ሹሙ «በጀት የለም» ቢል፣ «እሺ፣ ግን 54ቱ ሕፃናት የት መንደር እንዳሉ እናውቃለን፤ መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ ወደዚያ ትሂድ» እንበለው። ቁጥር የያዘ ሰው ልመና አይለምንም። ሥራ ያሳያል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አስተምሯል፤ አፋርኛም አንዱ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው መጀመሪያ የጻፈው የገዛ ስሙን ነው። ስምን መጻፍ እኔም አለሁ ማለት ነው። ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን ይህን ማለት አይችልም። የሚልለት እኛ ነን።

ልንሠራቸው የሚገቡ

ሀ. ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ እናስመዝግብ።
ለ. የክትባት ካርዱን አናጥፋ፤ ስንጓዝ ይዘን እንሂድ።
ሐ. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትጠይቀን እውነቱን እንንገር።
መ. አዲስ የመጣ ቤተሰብ ስናይ ለቀበሌው እናስታውቅ።
ሠ. የሰውን ልጅ ስምና ምሥጢር አናሰራጭ።
ረ. የሰጠነው ቁጥር ምን እንዳስገኘ በስብሰባ እንጠይቅ።

ጥያቄዎች

1. ዳጉና መረጃ በምን ይመሳሰላሉ? በምንስ ይለያያሉ?
2. በአንድ ቀበሌ 80 ሕፃናት ተወለዱ። የስድስት ሳምንቱን ክትባት 70፣ የዐሥራ አራት ሳምንቱን 45 ወሰዱ። ከነጭራሹ ያልመጡት ስንት ናቸው? ያቋረጡትስ?
3. የክንዱ ልክ 11 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሁለት ዓመት ልጅ ብታዩ ምን ታደርጋላችሁ?
4. ለሁሉም ቢነገር የሚጠቅመው የትኛው ነው? ምሥጢር ሆኖ የሚጠበቀውስ?
5. በቤታችሁ ያለውን የክትባት ካርድ አውጥታችሁ አንብቡ። ባዶ የቀረ ሳጥን ካለ ነገ ወዴት ትሄዳላችሁ?